ሕፃን የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ መጠበቅን እንደምን ይማራል?

ስለ ጡት ልጅ በየቤቱ ሲነገር የምንሰማው ቃል ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ገና ምን ያውቃል፤ ይጠባል፥ ይተኛል፥ ያለቅሳል» ይባላል። አባቶቻችንም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለው የልጅ ሥራ ለቁም ነገር የማይደርስ መሆኑን ተርተዋል። ተረቱ ለእጅ ሥራ እውነት ነው፤ ለአእምሮ ሥራ ግን እውነት አይደለም። ሕፃን እጁ አንዳች ነገር ለመጨበጥ ሳይችል፥ አንደበቱም አንዲት ቃል ሳይናገር፥ ዓይኑ ሥራውን ከጀመረ ወራት ያልፋሉ። ይህም ሥራ በፊቱ ያለውን ነገር መመልከት ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣና ከወዴት እንደሚመጣ አስቀድሞ መጠበቅ ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን! በዛሬው የቤተ ሰብ ገጽ ልናመለክት ያሰብነው ይህነኑ ነገር ነው። ነገሩ የሊቃውንት ወሬ ብቻ እንዳይመስል፥ በአገራችን ቤትና ልማድ ላይ አድርገን ለማስረዳት ዘመሮን መርጠናል። ዘመሮ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ያለች ከተማ ናት። መንዝ ከፍተኛና ብርዳም አገር መሆኑን፥ በገብሱና በበጉ፥ ከበግ ጠጕርም በሚሠራው ባናና በርኖስ የታወቀ መሆኑን የማያውቅ የለም። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ በመንዝ ተቀምጦ የአገሩን ኑሮ ካጠና በኋላ፥ በ1965 በአውሮፓ አቈጣጠር «ሰምና ወርቅ» የተባለውን መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ የዚህ ደጋ ስም በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ታውቋል። እኛ ግን ከዚያ ኑሮ የምንመለከተው አንዲቱን ትንሽ ክፍል፥ ይኸውም በአንቀልባ ውስጥ ያለውን ሕፃን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ምርመራዎች ዘመናቸው ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ትምህርት

በአገራችን ልማድ ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራሷና ልጇ ከቤት ብዙ አይወጡም። በመንዝ ደጋ ደግሞ ቤቱ ብርድን እንዲመክት በድንጋይ ይሠራል፤ ብርሃን የሚገባበትም ብዙ አይደለም። ስለዚህ ሕፃኑ መጀመሪያ የሚያየው ዓለም ጠባብ ነው። አዲስ የተወለደ ልጅም ቢሆን ሩቁን አጥርቶ ማየት አይችልም፤ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው ከፊቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀት ያለው ነገር ነው። ይህም ከጡት እስከ እናት ፊት ያለው ርቀት ያህል መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበትን ዳር፥ የሚንቀሳቀሰውን ነገር፥ ከሁሉም አብልጦ የሰውን ፊት መመልከት ይወዳል።

ይህ ዓለም ጠባብ ቢሆንም ሥርዓት የሌለው አይደለም። በማለዳ በሩ ሲከፈት ድምፁ ይሰማል፤ ወዲያው ብርሃን ከደጅ ይገባል። የእናት እርምጃ ይሰማል፤ ቀጥሎ ፊቷ ከላዩ ይታያል። እናት ነጠላዋን ገለጥ ታደርጋለች፤ ቀጥሎ ጡት ይመጣል። ማታ ከብቶቹ እያገሡ ወደ ቤት ይመለሳሉ፤ ቀጥሎ ምድጃው ይነድዳል፥ ግድግዳውም በእሳቱ ብርሃን ይቀላል። እነዚህ ነገሮች ለኛ ከመለመዳቸው የተነሣ እንደ ነገር አንቈጥራቸውም። ለሕፃኑ ግን እያንዳንዱ ነገር የተከታዩ መልእክተኛ ነው። መልእክተኛው በመጣ ጊዜ ጌታው ሩቅ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው አዋቂ ይባላል፤ ሕፃኑም የሚማረው ይህነን ዕውቀት ነው።

መከተልና መቅደም

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። መከተል አንድ ነገር ነው፤ መቅደም ሌላ ነገር ነው። ምሳሌውን ከሸማኔ ቤት እንውሰድ። ሸማኔ ከጕድጓዱ ተቀምጦ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፥ ከግራም ወደ ቀኝ ይወረውራል። ሽመና አይቶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያ ዓይኑ መወርወሪያውን እያሳደደ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል። ጥቂት ከተመለከተ በኋላ ግን መወርወሪያው ከቀኝ እጅ ሳይወጣ ዓይኑ በግራ እጅ ላይ ሄዶ ይጠብቀዋል። ያን ጊዜ ሰውዬው ሥርዓቱን ዐወቀ እንላለን። ቅቤ ለማውጣት ወተት ሲናጥ ቅሉ ወዲህና ወዲያ ሲል የሚመለከትም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ነው። የሦስት ወር ልጅ ዓይን መወርወሪያውን ይከተላልን ወይስ ይቀድማል? ልጁ መናገር አይችልምና ጠይቀን ልንረዳው አንችልም። የምናገኘው ምስክር ዓይኑ ብቻ ነው። የዓይንም ምስክርነት የሚታመን እንዲሆን ሊቃውንት ጥሩ ዘዴ አግኝተውለታል።

ሊቃውንት እንደምን መረመሩት

በ1988 በአሜሪካ ማርሻል ሄይዝ፥ ሲንዲ ሐዛንና ጌል ጉድማን የተባሉ ሊቃውንት የሦስት ወር ተኩል ሕፃናትን በጀርባቸው አስተኝተው ሥዕሎች አሳዩዋቸው። ሥዕሉ ከአንድ ሰከንድ በታች ታይቶ ይጠፋል፤ አንድ ሰከንድ ያህል ምንም ሳይታይ ይቈያል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ሥዕል ይመጣል። በአንደኛው ጊዜ ሥዕሉ ልክ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ አንድ ጊዜ በቀኝ፥ አንድ ጊዜ በግራ እየተፈራረቀ መጣ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ያለ ሥርዓት፥ በየት በኩል እንደሚመጣ ሳይታወቅ መጣ። በዚህ ሁሉ መካከል የልጆቹ ዓይን በመሣሪያ ይቀረጽ ነበር።

ዓይን አንድ ነገር ካየ በኋላ ወደዚያ ለመዞር ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ሥዕሉ ከመምጣቱ በፊት፥ ወይም በመጣበት ቅጽበት ከስፍራው የተገኘ ዓይን ሥዕሉን አይቶ የዞረ ሊሆን አይችልም፤ ጠብቆ የዞረ ነው። ምርመራውም ያስረዳው ይህነን ነው። ሥዕሉ በሥርዓት በተፈራረቀ ጊዜ የሕፃናቱ ዓይን ባዶ በሆነው ስፍራ ላይ ቀድሞ መገኘቱ ያለ ሥርዓት ከመጣበት ጊዜ ይልቅ በዛ። ቀድሞ ባልተገኘበት ጊዜ እንኳ ወደ ሥዕሉ ለመዞር የፈጀበት ጊዜ አጠረ። ሕፃናቱ ሥርዓቱን ለመማር የወሰደባቸው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ያስተማራቸውም፥ ስለ መማራቸው ዋጋ የሰጣቸውም ማንም አልነበረም። ከጠበቁት ስፍራ የጠበቁት ነገር መገኘቱ ራሱ ዋጋ ሆነላቸው።

ከዚህ በኋላ በ1991 ሪቻርድ ካንፊልድና ይኸው ሄይዝ ነገሩን በዕድሜ ከፍለው መረመሩት። የሁለት ወር ልጆች አንድ በቀኝ አንድ በግራ የሚለውን ቀላሉን ሥርዓት ብቻ መጠበቅ ቻሉ። የሦስት ወር ልጆች ግን ሁለት ጊዜ በአንድ ወገን፥ አንድ ጊዜ በሌላው ወገን የሚለውን ከበድ ያለውን ሥርዓት ጭምር ደረሱበት። በአንድ ወር ልዩነት እንዲህ ያለ ዕድገት መታየቱ እነዚያ «ይጠባል፥ ይተኛል» የምንልባቸው ወራት ከንቱ የማያልፉ መሆናቸውን ይመሰክራል።

የማይታየውን ነገር ስለ መጠበቅ

ከዚህ የበለጠ ከባድ ትምህርትም አለ። በግ ከድንጋይ ካብ በስተኋላ ሲያልፍ ለጊዜው ከዓይን ይሰወራል። አዋቂ ሰው በካቡ በሌላው ጫፍ ብቅ እንደሚል ያውቃል። ሕፃንስ? ስመ ጥሩው የስዊስ ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1937 ባሳተመው መጽሐፉ፥ ሕፃን ከዓይኑ የተሰወረው ነገር መኖሩን የሚያውቀው ወዲያው ከተወለደ ሳይሆን በብዙ ወራት ውስጥ ቀስ በቀስ መሆኑን ጽፎ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡት ሊቃውንት ዕውቀቱ ፒያዤ ከገመተው ጊዜ ቀድሞ እንደሚጀምር አስረድተዋል።

በ2003 ስኮት ጆንሰንና ጓደኞቹ ለአራት ወርና ለስድስት ወር ሕፃናት በመከለያ በስተኋላ የምታልፍ ኳስ አሳዩ። የስድስት ወሮቹ ዓይናቸውን በመከለያው በሌላው ጫፍ አስቀድመው አኖሩ። የአራት ወሮቹ ግን ይህነን እምብዛም አላደረጉም። ነገር ግን ለሁለት ደቂቃ ያህል ያለ መከለያ ኳሷ ስትሄድ ከታዩ በኋላ የአራት ወሮቹም እንደ ታላላቆቻቸው መጠበቅ ጀመሩ። ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። መጠበቅ በዕድሜ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በማየትም ይመጣል። አንድ ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው ሲሄድ በግልጥ ያየ ልጅ፥ በኋላ መንገዱ ቢሸፈንበትም መድረሻውን አይስተውም።

የሰውን ሥራ መጠበቅ ደግሞ ከዕቃ መንገድ ይልቅ ይከብዳል። በ2006 በስዊድን አገር የተደረገው ምርመራ፥ የአንድ ዓመት ልጅ የሰው እጅ ኳስ ይዞ ወደ ዕቃ ሲሄድ ዓይኑ ከእጁ ቀድሞ ከዕቃው ላይ እንደሚደርስ፥ የስድስት ወር ልጅ ግን ገና እንደማይቀድም አሳይቷል። ከዚህም የተነሣ በመንዝ ቤት እናት እንጀራ ስትጋግር አጠገቧ የተቀመጠ የዓመት ልጅ፥ እጇ ወደ ሊጡ ዕቃ ሲዘረጋ ዓይኑን ወደ ምጣዱ ቢያዞር የሚያስገርም አይደለም።

በአንቀልባ ውስጥ ስላለው ትምህርት

መጠበቅ የዓይን ሥራ ብቻ እንዳይመስለን። መላው ሰውነት ይጠብቃል። በእንግሊዝ አገር ቫሱዴቪ ሬዲና ጓደኞቿ በ2013 ያሳተሙት ጽሑፍ ይህነን ያስረዳል። የሁለት፥ የሦስትና የአራት ወር ሕፃናት ተጋድመው ሳሉ እናቶቻቸው ሊያነሷቸው እጃቸውን ሲዘረጉ፥ ገና ሳይነኩ የልጆቹ ሰውነት ይዘጋጅ ነበር። ከበታቻቸው የተነጠፈው መሣሪያ እንዳመለከተው አካላቸውን ያጠነክራሉ፥ እግራቸውን ይሰበስባሉ ወይም ይዘረጋሉ፥ ክንዳቸውንም ከደረታቸው ላይ ገለል ያደርጋሉ። ለእናት እንዲቀልላት ራሳቸውን ያሰናዳሉ ማለት ነው። ይህም ከወር ወደ ወር እየተስተካከለ ይሄዳል።

ይህ ነገር ለአገራችን እናቶች እንግዳ አይደለም። በዘመሮም ሆነ በሌላው አገራችን አንቀልባው ከተሰቀለበት ሲወርድ ያየ ሕፃን ልቅሶውን ሲያቆም፥ ሊታዘልም ሲል እግሩን ከፈት አድርጎ በጀርባ ላይ ሲለጠፍ ያላየች እናት አትገኝም። «ዐውቆ ነው» ትላለች። እናቶች በልማድ ያወቁትን ነገር ሊቃውንት በመሣሪያ መዝነው እውነት ሆኖ አገኙት። አንቀልባው ለመሸከሚያ ብቻ የተሠራ ቢመስልም፥ ለሕፃኑ ትምህርት ቤት ነው። በእናት ጀርባ ላይ ሆኖ እሷ ወደምትሄድበት ይሄዳል፤ ከምድጃ ወደ ደጅ፥ ከደጅ ወደ ምንጭ፥ ከምንጭ ወደ ገበያ ያለውን ቅደም ተከተል በየቀኑ ይመለከታል።

ያልጠበቁት ነገር ሲመጣ

አንባቢ፥ መጠበቅ ለምን ይጠቅማል? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የመጀመሪያው ጥቅም ግልጥ ነው፤ የሚጠብቅ ሰው አይደናገጥም፥ ጊዜም አይጠፋበትም። ሁለተኛው ጥቅም ግን ከዚህ ይበልጣል። የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው ሊደነቅ የሚችለው፤ የሚደነቅ ሰው ብቻ ነው የሚመረምረው።

በ2015 ሎረን ኤምበርሰንና ጓደኞቿ የስድስት ወር ሕፃናትን አንድ ድምፅ ከሰሙ በኋላ ሥዕል እንዲያዩ አለማመዷቸው። ከዚያ በኋላ አልፎ አልፎ ድምፁን ብቻ አሰምተው ሥዕሉን አስቀሩት። በዚህ ጊዜ በሕፃናቱ አንጎል ውስጥ ማየት የሚሠራበት ክፍል፥ በፊታቸው ምንም ሳይታይ፥ ሥራውን ሲሠራ በመሣሪያ ታየ። ዓይን ባዶውን ቢያይም አእምሮ የቀረውን እንግዳ ስፍራ ይዞለት ነበር።

በዚያው ዓመት ኤሚ ስታልና ሊሳ ፋይገንሰን የዐሥራ አንድ ወር ሕፃናትን በሌላ መንገድ መረመሩ። ለአንዳንዶቹ ዕቃ በግድግዳ ውስጥ ያለፈ አስመስለው አሳዩ፤ ለሌሎቹ ደግሞ ምንም ሳይደግፈው በአየር ላይ የቆመ አስመስለው አሳዩ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ለልጆቹ ሰጧቸው። ግድግዳ ያለፈውን ያዩት ልጆች ጥንካሬውን ለማወቅ ከጠረጴዛ ጋር አጋጩት፤ በአየር ላይ የቆመውን ያዩት ልጆች ይወድቅ እንደ ሆነ ለማየት ለቀቁት። እያንዳንዱ ልጅ ያስደነቀውን ነገር መረመረ። ስለዚህ ልጃችን ማንኪያ ደጋግሞ ሲጥል ክፋት አድርገን አንቊጠርበት፤ የሚጠብቀው ነገር እውነት መሆኑን እየፈተነ ይሆናልና።

ሆኖም ለዚህም ልክ አለው። በ2012 ሴሌስት ኪድና ጓደኞቿ የሰባትና የስምንት ወር ሕፃናትን ሲመለከቱ፥ ልጆቹ እጅግ ከተለመደው ነገርም፥ እጅግ ከተዘበራረቀው ነገርም ፊታቸውን እንደሚመልሱ፥ መካከለኛውን ግን አተኵረው እንደሚያዩ ደረሱበት። ወጥ ጨው ሲያጣም፥ ጨው ሲበዛበትም አይበላም። የሕፃን ዓይንም እንዲሁ ነው፤ ሁልጊዜ ባዶ ግድግዳ የሚያይ ልጅ ይሰለቻል፥ ሁልጊዜ ጫጫታና ትርምስ የሚያይ ልጅም ይደክማል።

ትምህርቱን የሚያሰናክሉ ነገሮች

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደርሰናል። መጠበቅ በማየት የሚገኝ ትምህርት ከሆነ፥ ማየትን የሚከለክል ነገር ሁሉ ትምህርትን የሚከለክል መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል የዓይን ሕመም ነው። አንዳንድ ሕፃን የዓይን ሞራ ይዞ ይወለዳል። ለሽማግሌ የዓይን ሞራ ዛሬ ባይገፈፍ ለከርሞ ሊገፈፍ ይችላል፤ ለሕፃን ግን እንዲህ አይደለም። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዘል የተባሉ ሊቃውንት በድመት ግልገሎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተሸፈነ ዓይን በኋላ ቢገለጥ እንኳ አንጎል ማየትን ሳይማር እንደሚቀር አስረድተዋል፤ ስለ ሥራቸውም በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆነዋል። የሰው ልጅም ነገር ከዚሁ የሚመሳሰል ስለ ሆነ፥ ሐኪሞች ከሞራ ጋር የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕክምና እንዲያገኝ አጥብቀው ይመክራሉ። «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ማቈየት የልጁን ብርሃን በእጅ መጣል ነው።

ሁለተኛው መሰናክል መሸፈን ነው። በብዙ ቦታ ሕፃኑን ሰው እንዳያየው፥ ዓይነ ጥላም እንዳያገኘው፥ ብርድም እንዳይመታው ፊቱን መሸፈን የተለመደ ነው። የመንዝ ብርድ እውነተኛ ብርድ ስለ ሆነ እናቶችን ልንወቅሳቸው አይገባም። ነገር ግን ሰውነትን ማልበስና ዓይንን መከለል አንድ አይደሉም። ሕፃኑ በባና ተጠቅሎ እስከ አንገቱ ይሙቅ፤ ፊቱ ግን ተገልጦ ብርሃንንና የዘመዶቹን ፊት ይይ። ፊትን መግለጥ ለመተንፈስም የተሻለ ነው። የምድጃ ጭስም ለዓይንና ለሳንባ ጠላት ነውና መኝታው ከጭሱ የራቀ ይሁን።

ሦስተኛው መሰናክል መልስ የማይሰጥ ፊት ነው። በ1978 ኤድዋርድ ትሮኒክና ጓደኞቹ እናቶች ከሕፃናታቸው ጋር ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ ለአጭር ጊዜ ፊታቸውን እንደ ድንጋይ አድርገው ዝም እንዲሉ አደረጉ። ሕፃናቱ በመጀመሪያ እናታቸውን ለመመለስ ፈገግ አሉ፥ ተንጠራሩ፤ መልስ ባጡ ጊዜ ግን ፊታቸውን አዞሩ፥ አዘኑም። ሕፃን ፈገግታውን ፈገግታ እንዲከተለው ይጠብቃልና። በዘመናችን ብዙ እናትና አባት በአንድ እጃቸው ልጃቸውን፥ በሌላው እጃቸው ስልካቸውን ይዘው ይታያሉ፤ ዓይናቸው ግን ከስልኩ ላይ ነው። ለልጁ ያ ፊት ከዚያ ዝም ካለው ፊት በምን ይለያል? ለአንድ አፍታ ቢሆን አይጎዳውም፤ ቀኑን ሙሉ ሲሆን ግን ልጁ ከሰው ፊት መልስ መጠበቅን እንዳይተው ያሰጋል።

አራተኛው መሰናክል በተለይ በሹማምንትና በባለ ጸጎች ቤት የሚገኝ ነው። ይኸውም ሞግዚትን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው። ሕፃን የአንዷን ሞግዚት አረማመድ፥ ድምፅና አያያዝ ተምሮ ሳይጨርስ ሌላ ስትመጣ፥ የተማረው ሥርዓት ይፈርስበታል። ቤቱ በሀብት የሞላ፥ ልጁ ግን የሚጠብቀው ነገር የሌለው ድኻ ይሆናል። በዚህ ነገር አንዲት እናት በጀርባዋ አዝላ የምታሳድገው የዘመሮ ገበሬ ልጅ ከብዙ የአዲስ አበባ ልጆች ሊበልጥ ይችላል።

ቤተ ሰብ ሊያደርገው የሚገባ ነገር

ከላይ ከተባለው ሁሉ ለየቤቱ የሚጠቅመውን በአጭሩ እንዲህ እናስቀምጣለን።

1ኛ፤ ለሕፃኑ ቀን ሥርዓት ይኑረው። መብላቱ፥ መታጠቡ፥ መተኛቱ በየቀኑ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይሁን። ከመታጠቡ በፊት ውሃው ይታይ፤ ከመታዘሉ በፊት አንቀልባው ይታይ። ሳይነገረው ከኋላ ብድግ አይደረግ።

2ኛ፤ ፊትን በነጠላ ሸፍኖ ፈገግ እያሉ መግለጥ የቆየ ጨዋታ ነው። እንደ ከንቱ ነገር አይታይ፤ የተሰወረው ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያስተምር የመጀመሪያው ትምህርት ነውና። ልጁ ሲለምደው አንድ ጊዜ በቀኝ፥ አንድ ጊዜ በግራ እየተለወጠ ቢደረግ ይበልጥ ያስደስተዋል።

3ኛ፤ እሹሩሩ እየተባለ ሲባበል ድምፁና ውዝዋዜው አብሮ ይሂድ። ልጁ ከድምፁ ቀጥሎ የሚመጣውን እንቅስቃሴ ይጠብቃልና።

4ኛ፤ ልጁ የሚያየውን ነገር ተከትሎ ስሙን መንገር ይገባል። በአዲስ አበባ በድኻ ሰፈር ላሉ እናቶች ይህነን የመሰለ ትምህርት ተሰጥቶ፥ ፕኒና ክላይንና ሄኒንግ ሪዬ የተባሉ ሊቃውንት ውጤቱን በ2004 አሳትመዋል። እናቶቹ የልጃቸውን ዓይን መከተልን፥ ያየውን ነገር ትርጕም መስጠትንና ሲሳካለት ማመስገንን ተማሩ። የተማሩትም ከዓመታት በኋላ አብሯቸው ተገኘ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ልብን ማሳረፍ ነው።

5ኛ፤ ዓይኑን ተጠንቅቆ ማየት ያስፈልጋል። ልጁ ሦስት ወር ሞልቶት ሳለ በፊቱ የሚንቀሳቀሰውን የሰው ፊት በዓይኑ የማይከተል ቢሆን፥ ወይም በብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ቢታይ፥ ወይም ዓይኖቹ ያለ ማቋረጥ የሚንቀጠቀጡ ቢሆኑ ቀን ሳይቈጠር ወደ ሐኪም ይወሰድ። በገጠር ያለ ሰው በቀበሌው ጤና ኬላ ላለችው የጤና ባለሙያ ያመልክት፤ እርሷም ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ትመራዋለች። በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው።

ለአባቶች የምንለው

ይህ ሁሉ የእናቶች ጉዳይ ነው ብሎ ገጹን የሚገለብጥ አባት እንዳይኖር እንለምናለን። በአገራችን ልማድ አባት ልጁን የሚያውቀው እግር አውጥቶ፥ ቃል ተናግሮ መላክ ሲችል ነው። ሕፃን ማቀፍ ለጨዋ ሰው የማይገባ የሚመስለውም አለ። ነገር ግን ልጁ አባቱን ለማወቅ ያን ያህል አይቈይም። አባት ማታ ከሥራው ሲመለስ የደጁ ድምፅ፥ የእርምጃው አካሄድ፥ ከደጁ የሚታየው ጥላው በልጁ ዘንድ እንደ ደብዳቤ ይነበባል። ከዚያ ቀጥሎ አባቱ ጎንበስ ብሎ ቢመለከተው፥ ልጁ በየማታው ያንን ፊት መጠበቅ ይማራል። አባት በደጁ ገብቶ ዘወር ሳይል ወደ እልፍኙ ቢያልፍ ግን፥ ልጁ ከዚያ ድምፅ በኋላ ምንም የማይመጣ መሆኑን ይማራል። ይህም ትምህርት ነው፤ መልካም ትምህርት ግን አይደለም።

በትልልቅ ጉዳይ ላይ የምንውል ሰዎች፥ ለአገር የሚመጣውን ነገር አስቀድሞ ማየት የመልካም ሹም ሥራ መሆኑን እንናገራለን። አርቆ ማየት ግን የሚጀምረው ከሸንጎ አይደለም፤ ከአንቀልባ ነው። በቃሉ የሚጸና፥ የሚመጣውን የሚያስብ ሰው እንዲነሣልን የምንሻ ከሆነ፥ ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ወራቱ የጠበቀው ነገር በጊዜው የሚደርስለት ይሁን። በዘመሮ ደጋም ሆነ በአዲስ አበባ አዳራሽ ለሚያድግ ልጅ ከዚህ የሚቀድም ውርስ የለም።